የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ስለ መምረጥ የቀረበ አስተያየት

በዛሬው ጊዜ አንድ የንግድ ቤት ከሸቀጡና ከመጋዘኑ ሌላ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠሩለትን ሰዎች መያዙ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። አስመጪው የትእዛዝ መቀበያ፣ ጅምላ ሻጩ የመጋዘን መቈጣጠሪያ፣ ቸርቻሪውም በቴሌብር የሚገባውን ገንዘብ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር የሚያስታርቅለት ሶፍትዌር ይፈልጋል። አንዳንዱ ይህን ሥራ በኮንትራት ለውጭ ባለሙያዎች ይሰጣል፤ አንዳንዱም አምስት ስድስት ወጣቶች ቀጥሮ በገዛ ቤቱ ያሠራል። ከዚህ በኋላ ሳይውል ሳያድር የሚነሣው ጥያቄ «እነዚህ ልጆች ምን እየሠሩ ነው? ሥራው የት ደረሰ? መቼስ ያልቃል?» የሚል ነው። ለዚሁ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ ተብለው በኢንተርኔት የሚከራዩ የሥራ መከታተያ መሣሪያዎች ቍጥራቸው እጅግ በዝቷል። ይህችን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝም የምክር ቤታችን አባሎች ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ሲመርጡ የሚመለከቱት ነገርና ሊመለከቱት የሚገባው ነገር ተራርቆ ስለማየው ነው።

እኔ በሙያዬ የነጋዴ ጸሐፊ እንጂ ፕሮግራም ሠሪ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ፣ ስሙ ምንም ቢረቅ፣ መዝገብ ነው፤ ስለ መዝገብ ደግሞ ጸሐፊ የሚለው ነገር አያጣም። ከማንኛውም መዝገብ ሁለት ነገር ይፈለጋል። የተጻፈበት ቃል እውነት መሆን አለበት፤ ባለቤቱም በፈለገው ጊዜ አንሥቶ ሊወስደው ይገባል። እነዚህ ሁለቱ የጎደሉት መዝገብ ሽፋኑ በወርቅ ቢለበጥ ለንግድ ቤት ዕዳ ነው። የሥራ መከታተያ ሶፍትዌርም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ብዙ ወጪና ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል የሚል እምነት አለኝ።

ለመሆኑ እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩለት አጃይል የተባለው የአሠራር ዘዴ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2001 በፌብሩዋሪ ወር 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ በዩታ ግዛት ስኖውበርድ በተባለው የተራራ መዝናኛ ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። ከዚያ ቀደም የሰፋው ልማድ የሥራው ዕቅድ በሙሉ አስቀድሞ ተጽፎና ተፈርሞ፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ተሠርቶ፣ በመጨረሻው ቀን ለባለቤቱ ማስረከብ ነበረ። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የተረከበውን ዕቃ በተረከበበት ቀን የማያስፈልገው ሆኖ ያገኘው ነበር። እነዚያ ባለሙያዎች በአጭሩ ያሉት፣ ሥራው በትንንሹ ተከፍሎ፣ በየጥቂት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር እየተሰጠ፣ ባለቤቱም እያየና እያሳረመ ይሂድ ነው። ካስቀመጧቸው አራት ዋና ሐሳቦች የመጀመሪያው ከሥርዓትና ከመሣሪያ ይልቅ ለሰዎችና ለእርስ በርስ መነጋገራቸው ብልጫ የሚሰጥ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መሣሪያ የሚያከራዩ ኩባንያዎች ይህን ሐሳብ በማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ ሲጽፉት እስካሁን አላየሁም።

ከዚሁ ዘዴ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ስክረም የተባለው ሲሆን፣ ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ የተባሉት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሙያ ጉባኤ ያቀረቡት ነው። ሥራው ስፕሪንት በተባለ ከአንድ ወር በማይበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ሳምንት በሚሆን ክፍለ ጊዜ ይከፋፈላል። ቡድኑ ከ10 ሰው ባይበልጥ ይመረጣል፤ አባሎቹም በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ተገናኝተው ሥራቸውን ይነጋገራሉ። ሌላው ካንባን ነው። ይህ የመጣው ከጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ ሲሆን፣ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ በአሜሪካ ትላልቅ የምግብ መደብሮች ከመደርደሪያው የተወሰደው ዕቃ ብቻ እንደሚተካ ተመልክቶ፣ በፋብሪካውም አንዱ ክፍል ለሌላው የሚሰጠው የተጠየቀውን ያህል ብቻ እንዲሆን በካርድ ሥርዓት አበጀለት። በመርካቶ ያደገ ባለ ሱቅ ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ መደርደሪያው ሳይጎድል አዲስ ዕቃ ቢያከማች ገንዘቡ እንደሚታሰር ያለ ጃፓን አስተማሪ ያውቀዋልና።

የእነዚህ ዘዴዎች የመጀመሪያ መሣሪያ ግድግዳና ወረቀት ነው። በግድግዳው ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመራል፤ «የሚሠራ»፣ «በመሠራት ላይ ያለ»፣ «ያለቀ» ይባላል። እያንዳንዱ ሥራ በአንዲት ካርድ ይጻፍና ካርዱ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይሸጋገራል። በኢንተርኔት የሚከራየው ሶፍትዌር ይህንኑ ግድግዳ በስክሪን ላይ ያወጣው ነው። ጂራ የተባለውን መሣሪያ አትላሲያን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ አቀረበው፤ ትሬሎ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ ተሠርቶ በ2017 ለዚሁ ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሬድማይን ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ማንም ያለ ዋጋ ወስዶ በገዛ ማሽኑ ላይ ሊያስቀምጠው የሚችል ነው። ከእነዚህ ሌላ ብዙ አሉ፤ ስማቸውን መዘርዘር ግን ለአንባቢ የሚፈይደው ነገር የለም። አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል የሚሠሩበት የንግድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ግድግዳውን ለሁለት ወር እንዲሞክር እመክራለሁ። ግድግዳው ሲጠበው፣ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱ ሐዋሳ ሌላው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ምን እንደጎደለው ዐውቆ ይገዛል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እስካሁን እንደማየው ከሆነ መሣሪያው የሚመረጠው በሌላ መንገድ ነው። አንድ አንደበተ ርቱዕ ባለሙያ ይመጣል፤ ባለቤቱና ሥራ አስኪያጁ በትልቅ ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ፤ አረንጓዴና ቀይ ሥዕል እየተቀያየረ ይታያል። በዚያ ስክሪን ላይ ያሉት ሥራዎች ሁሉ በቀናቸው ያለቁ ናቸው። ማንም ታሞ አልቀረም፣ መብራት አልጠፋም፣ ደንበኛም ሐሳቡን አልለወጠም። ባለቤቱ በዚህ ይማረክና «ይኸው ሁሉን ነገር ከወንበሬ ሳልነሣ አያለሁ» ብሎ ይፈርማል። በየዕለቱ የሚጽፉበት ሰዎች ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። መዝገብ የሚያነበው ሰው ስለወደደው ብቻ ደግ መዝገብ አይሆንም፤ የሚጽፍበት ሰው ከሸሸው የሚነበብ ነገር አይኖርበትም።

ስለዚህ ፈተናው በእውነተኛ ሥራና በእውነተኛ ሠራተኛ ይሁን። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ያለ ክፍያ የሚሞከሩበት ጊዜ ወይም ለጥቂት ሰው በነጻ የሚሰጥ ክፍል ስላላቸው፣ አንድ ስፕሪንት ሙሉ ሁለት ሳምንት መሞከር ወጪ የለበትም። ለምሳሌ ያህል የመጋዘን ሠራተኛው ሃያ ካርቶን ሳሙና በስሕተት ሁለት ጊዜ መዝግቦ ተገኘ እንበል፤ ሶፍትዌሩ ይህን እንዳይቀበል መታረም አለበት። ይህ ሥራ በካርድ ሲጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ካርዱ ከመቀመጡ በፊት በግድ መሞላት ያለባቸው ሣጥኖች ስንት ናቸው? የመጋዘኑ ሹም እዚያው ቆሞ በእጅ ስልኩ ሊጽፈው ይችላል ወይስ ወደ ቢሮ መምጣት አለበት? ኢንተርኔቱ በደከመ ሰዓት የጻፈው ይጠፋበታል ወይስ ይጠብቀዋል? እነዚህን በሰዓትና በወረቀት ይዞ መቍጠር ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ያስረዳል።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር በተለይ ማመልከት እወዳለሁ። እንደ ጂራ ያሉት ሰፋፊ መሣሪያዎች አስተዳዳሪው እንደፈለገ ሣጥን እንዲጨምርና ሥራው የሚያልፍበትን ደረጃ እንዲያበዛ ይፈቅዳሉ። ይህ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቤት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ እርማት ለመመዝገብ አሥራ ሁለት ሣጥን መሙላት፣ የሦስት ሰው ማጽደቂያም መጠበቅ ግዴታ ሆኖ ይገኛል። ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ወይ ሥራውን ሳይመዘግብ ይሠራል፣ ወይም የሳምንቱን ሁሉ ሰብስቦ ዓርብ ማታ ከትዝታው ይጽፈዋል። ዓርብ ማታ የተጻፈ የሰኞ ሥራ ደግሞ በዕለቱ ሳይቈረጥ የቀረ ደረሰኝ ማለት ነው፤ ሒሳብ ሹም የሆነ ሁሉ የዚህን ጣጣ ያውቃል። ጥፋቱም የሶፍትዌሩ ሳይሆን ሣጥን ያበዛው ሰው ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ባለቤቱ መዝገቡን መቅጫ ሲያደርገው ነው። የአጃይል ቡድኖች የአንድን ሥራ ክብደት ለመገመት ብዙ ጊዜ በነጥብ ይጠቀማሉ፤ ይህ ቀላል ነውና 2 ነጥብ፣ ያ ከባድ ነውና 8 ነጥብ ይባላል። በአንድ ስፕሪንት ስንት ነጥብ እንደተሠራም ተደምሮ ለሚመጣው ክፍለ ጊዜ መገመቻ ይሆናል። ይህ ነጥብ የቡድኑ የራሱ መስፈሪያ ነው። አንዱ ገበያ በቍና፣ ሌላው ገበያ በጣሳ ቢሰፍር የሁለቱ ቍጥር እንደማይነጻጸር ሁሉ፣ የሁለት ቡድኖች ነጥብም አይነጻጸርም። ሆኖም መሣሪያው ነጥቡን በሚያምር ሥዕል ስለሚያወጣው ባለቤቱ እንደ ሽያጭ ቍጥር ያነበዋል። አንድ የማውቀው የንግድ ቤት ብዙ ነጥብ ለሠራው ቡድን ጉርሻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ነጥቡ እጥፍ ሆነ፤ ለሽያጭ ክፍሉ የደረሰለት ሥራ ግን ከቀድሞው ያህል አልበለጠም። ሰዎቹ ሌቦች አልነበሩም፤ ትናንት 3 ያሉትን ዛሬ 5 ቢሉት ሐሰት ነው የሚል ዳኛ የለም። ቻርልስ ጉድኸርት የተባለው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ አስተዳደር ሲጽፍ፣ አንድ መለኪያ ለመቈጣጠሪያ ሲውል የቀድሞ አስተማማኝነቱ እንደሚፈርስ ያመለከተው ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

የስክረም ደራሲዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መመሪያ ቡድኑ ለስፕሪንቱ የመረጠውን ሥራ ቀድሞ የገባው ግዴታ ይሉት የነበረውን ትንበያ ብለው ለውጠውታል። ለነጋዴ በግዴታና በትንበያ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ቀን የቈረጠ ሐዋላ ሌላ፣ በመስከረም ምን ያህል ይሸጥ ይሆን የሚል ግምት ሌላ ነው። ግምቱ ባይደርስ የሚቀጣ ቤት ከዚያ በኋላ እውነተኛ ግምት አይሰማም።

ባለቤቱ እንግዲህ ምን ይይ? ገንዘቡን አውጥቶ ዐይኑን ይጨፍን የሚል ሐሳብ የለኝም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የተሠራውን ነገር ሲሠራ ይመልከት፤ ሥዕሉን ሳይሆን የመጋዘን ሹሙ በገዛ እጁ ደረሰኝ ሲያወጣበት ይይ። ከመዝገቡም ሁለት ቍጥር ብቻ ቢጠይቅ በቂ ነው፤ አንዲት ካርድ ከተጀመረች ጀምሮ እስክታልቅ ስንት ቀን ትቆያለች፣ በአንድ ጊዜስ ተጀምረው ያላለቁ ስንት ናቸው? ስድስት ሰዎች አርባ ሥራ ጀምረው ከተገኙ ጉድለቱ ከስንፍና ሳይሆን ምናልባት ከባለቤቱ ከራሱ ነው፤ በየጧቱ አዲስ አስቸኳይ ነገር የሚያዝ እርሱ ሊሆን ይችላልና። ይህን የሚያሳይ መሣሪያ ደፋር ጸሐፊ ማለት ነው።

በውጭ አገር የሚታተሙ የመሣሪያ ግምገማዎች ፈጽሞ የማያነሡት፣ እኛን ግን በየቀኑ የሚያጋጥመን ሌላ ነገር አለ። እርሱም ቋንቋችንና ቀናችን ነው። በመሣሪያው ፍለጋ ላይ «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ «ጸሐፊ» ያለውን «ፀሀፊ» ብሎ ቢፈልግም እንዲሁ ነው። ለማሽኑ እነዚህ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው እንጂ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። በዚህ ምክንያት አንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በሦስት ካርድ ተጽፎ ሦስት ሰው ሲሠራው ይገኛል። ስለዚህ በሙከራው ሳምንት አንዱ ሠራተኛ በ«ሐ» የጻፈውን ሌላው በ«ሀ» ይፈልገው፤ ካልተገኘም ቤቱ አንድ አጻጻፍ ይወስን፣ ወይም ጉዳዩ ሁሉ በካርዱ ቍጥር ይጠራ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። መሣሪያው «በ9 ሰዓት ስብሰባ አለ» ብሎ ሲያስታውስ የጧቱን 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው ግን በአማርኛ አልተሳሳተም። ለደንበኛ የተሰጠው ቀን በጳጉሜን ከሆነ መሣሪያው ሴፕቴምበር ይለዋል። በነሐሴ መጨረሻ የተጀመረ ስፕሪንትም ዕንቍጣጣሽን መካከሉ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ማሽኑ ግን ያን ቀን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ቈጥሮ ሥራው ዘገየ ብሎ ቀይ ምልክት ያወጣል። በዓላቱንና የሥራ ቀኖቹን አስቀድሞ ማስገባት የሚፈቅድ መሣሪያ ከማይፈቅደው ይሻላል። (የቤተሰብ ስም እየጠየቀ ሠራተኛውን በአባቱ ስም ብቻ የሚጠራው ልማዱ ግን፣ የሚያስቅ እንጂ የሚጎዳ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።)

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኪራያቸው በሰው ቍጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ነው። በሰው 8 ዶላር የሚያስከፍል መሣሪያ እንበልና ለ10 ሰው በወር 80 ዶላር ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ሳለ፣ ይህ 4,560 ብር ነበር። በዚያን ቀን የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ120 ብር ብናሰላው ያው 80 ዶላር 9,600 ብር ነው። መሣሪያው አልተለወጠም፣ ሠራተኛም አልተጨመረም፤ ወጪው ግን ከእጥፍ በልጧል። እንደዚህ ያለውን ኪራይ በጀት ውስጥ በብር ጽፎ መተው የማይገባው ለዚህ ነው። ደግሞም በወር ሁለት ቀን ብቻ ገብቶ የሚያነበው የመጋዘን ሹም እንደ ሙሉ ተጠቃሚ ይከፈልለት እንደሆነ፣ ያለ ክፍያ ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ደንብም ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አከፋፈሉ ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው የንግድ ቤት ብዙ ጊዜ በዋሺንግተን ወይም በዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ያስከፍላል፤ ዘመድ ደግ ነውና ይከፍላል። ነገር ግን ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት፣ ወይም ዘመዱ አድራሻ ሲለውጥ፣ ወይም እግዚአብሔር አያድርገውና ሲቀያየሙ፣ የንግድ ቤቱ የሁለት ዓመት የሥራ መዝገብ በር ይዘጋል። በኩባንያው ዘንድ የሒሳቡ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ማን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉ የሚላክበት የኢሜይል አድራሻም የንግድ ቤቱ ይሁን የአንድ ሠራተኛ የግል ይሁን ዛሬውኑ መመርመር ይገባል።

መዝገቡ ሌላ አገር ባለ ማሽን ላይ ሲቀመጥ የሚመጣውን ነገር ደግሞ በምሳሌ ማየት ይሻላል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ የሥራው ዝርዝር በሙሉ ውጭ የነበረበት ቡድን ነገ ምን እንደሚሠራ የሚያይበት አልነበረውም። ይህ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አፕሪል 5 ቀን አትላሲያን ራሱ ለጥገና ያዘዘው ሥራ የደንበኞችን ገጾች በስሕተት አጥፍቶ፣ 775 ደንበኞች መዝገባቸውን ማየት ተሳናቸው፤ የመጨረሻዎቹ የተመለሰላቸው በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ኩባንያው ታላቅ ነው፤ ያም ሆኖ ደረሰ።

መሣሪያው ጨርሶ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ፒቮታል ትራከር የተባለው፣ ብዙ የአጃይል ቡድኖች ከልብ የሚወዱት መሣሪያ፣ ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቪኤምዌር፣ ቪኤምዌርም በ2023 ለብሮድኮም ተሸጠ። በ2024 መሣሪያው ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ፤ በ2025 አፕሪል 30 ቀንም ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ የበደሉት ነገር አልነበረም፤ ኪራያቸውንም በጊዜው ከፍለዋል። በሌላም በኩል አትላሲያን በደንበኛው ማሽን ላይ የሚቀመጠውን ሰርቨር የተባለውን የጂራ ዓይነት በ2021 መሸጥ አቁሞ፣ በ2024 ፌብሩዋሪ 15 ቀን ድጋፉን ፈጽሟል። የተከራዩት ቤት ባለቤት ሲለወጥ ተከራይ ዕቃውን ማንሣት መቻል አለበት።

ስለዚህ የመውጫው በር በመግቢያው ቀን ይፈተን። በሙከራው ሁለተኛ ሳምንት ዓርብ ቀን የተጻፈው ሁሉ ይውጣ፤ ካርዶቹ ብቻ ሳይሆኑ በሥራቸው የተጻፉት አስተያየቶች፣ የተያያዙት ሰነዶች፣ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደለወጠም ጭምር ይውጣ። ብዙ መሣሪያ ካርዱን ይሰጥና አስተያየቱን ወይም ሰነዱን ያስቀራል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው በአስተያየቱ ውስጥ ነው። የወጣውም ፋይል በኤክሴል ተከፍቶ የአማርኛው ፊደል በትክክል መነበቡ ይታይ። ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክትና ወደማይታወቅ ጭረት ተለውጦ ካገኛችሁት ባለሙያው አከፋፈቱን ያስተካክለው እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተስተካከለ መሣሪያውን ተዉት። ከተመረጠም በኋላ ይህ ሥራ በየወሩ መጨረሻ ከሒሳብ መዝጊያው ጋር አብሮ ይሠራ፤ ሥራውን የሚፈጽመውም ሰው በስም ይታወቅ።

ይህን ሁሉ የሰማ አንባቢ «እንግዲያውስ ሬድማይንን በገዛ ማሽኔ ላይ ላስቀምጥና ልገላገል» ይል ይሆናል። ኪራይና ዶላር የለበትም፤ በቢሮው ውስጥ ካለ ማሽን ጋር በተዘረጋ መስመር ስለሚሠራም ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይቆምም። ሆኖም በነጻ የተሰጠ ፈረስ ገፈራውን ባለቤቱ ያቀርብለታል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ፣ አዲስ እርማት ሲወጣ የሚያስገባ፣ ማሽኑ መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የስክረምና የካንባን ሰሌዳም ከመሠረቱ አብሮት ስለማይመጣ ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ተጨማሪ መለጠፍ ግድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ያለው ነጋዴ ቢመርጠው አልነቅፍም፤ የሌለው ግን መዝገቡን ከባሕር ማዶ አደጋ አውጥቶ በጠረጴዛ ሥር አደጋ ላይ እንዳይጥለው ያስብበት።

አንድ ነገር ልጨምር። በካርዶቹ ላይ የደንበኛ ስምና ስልክ ቍጥር፣ አልፎ አልፎም የመታወቂያ ፎቶግራፍ ሲለጠፍ አይቻለሁ። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን የግል መረጃ ያለ ጥንቃቄ ወደ ውጭ አገር ማሽን መላክ የሚያስጠይቅ ነገር ሆኗል። ለፕሮግራም ሠሪው የደንበኛው ስም አያስፈልገውም፤ የደንበኛው ቍጥር ይበቃዋል።

በመጨረሻም ሥራቸውን በኮንትራት ለውጭ ባለሙያዎች ለሰጡ አባሎች ላመለክተው የምወደው ጉዳይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሥራው ሰሌዳ የተከፈተው በሥራ ተቋራጩ ስም ነው፤ ነጋዴው እንግዳ ሆኖ ይገባበታል። ውሉ ሲያልቅ ወይም ሲፈርስ እንግዳው ይሰናበታል። ፕሮግራሙን ተረክቧል፤ ነገር ግን ለምን በዚያ መልክ እንደተሠራ፣ የትኛው ጉድለት ታውቆ እንደተተወ፣ የትኛው ለውጥ በማን ትእዛዝ እንደተደረገ የሚነግረው መዝገብ የለውም። አዲስ የሚቀጠረው ባለሙያ ይህን ሁሉ ከፕሮግራሙ ላይ እየቈፈረ ሲፈልግ የሚከፈለው ደመወዝ ከነጋዴው ኪስ ይወጣል። በውሉ ላይ «የሥራው ሰሌዳና በእርሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ የአሠሪው ንብረት ነው፤ ሥራ ተቋራጩም በየወሩ መጨረሻ ሙሉ ቅጂውን ለአሠሪው ያስረክባል፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው የመጨረሻው ቅጂ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው» የሚል አንቀጽ ቢገባ ከአራት መስመር አይበልጥም። ይህን አንቀጽ የሕግ ዐዋቂ አይቶት በምክር ቤቱ በኩል ለአባሎች በናሙናነት ቢሠራጭ መልካም ይመስለኛል፤ ውል የሚዋዋሉ አባሎችም እስከዚያው በራሳቸው ቃል ሊያስገቡት ይችላሉ።